ያልበራ ዕቃ ሁሉ ጥፋተኛ ነውን? የስማርት ቤት ታሪክና የዝምታ ፖለቲካ

አማርኛችን «ጠፋ» በምትለው አንዲት ግሥ ብዙ ጉዳይ ያስተናግዳል። እሳት ሲከስም «ጠፋ» እንላለን፤ ቁልፍ የት እንደ ገባ ሲታጣም «ጠፋ» እንላለን፤ ለወራት ያላየነውን ወዳጅ መንገድ ላይ ስናገኘው «ምነው ጠፋህ?» ብለን እንወቅሰዋለን። «አጠፋ» ስንል ሰውዬው አምፖሉን አጥፍቶ ሊሆን ይችላል፤ በደል ፈጽሞም ሊሆን ይችላል። «ጥፋት» እና «ጥፋተኛ» የሚሉት ቃላት የተወለዱት ከዚሁ ግሥ ነው። የኤሌክትሪክ ነገር ሲሆን ግን የከተማችን ሕዝብ ሌላ ቃልም አለው። መብራት «ሄደ» ይላል፤ ሲመለስም «መጣ» ይላል። የሄደ ሰው እንደ ሞተ አይቆጠርም፤ ይጠበቃል።

ይህን ልዩነት ያነሣሁት ስለ ሰዋስው ለማውራት አይደለም። ስማርት ቤት የሚባለው ነገር፣ ማለትም አምፖሉን፣ ቴሌቪዥኑን፣ ፕሪንተሩንና በሩን ከአንድ ኮምፒውተር ጋር አስተሳስሮ የማስተዳደር ጥበብ፣ ያለፉትን ሃምሳ ዓመታት ያሳለፈው በአመዛኙ ይህንኑ ልዩነት ለመማር ሲታገል ነው። ባለቤቱ ሆን ብሎ ያጠፋው ቴሌቪዥን፣ የተበላሸ ቴሌቪዥንና መብራት የሄደበት ቴሌቪዥን ከሩቅ ሆኖ ለሚጠይቃቸው ኮምፒውተር የሚሰጡት መልስ አንድ ነው፤ እርሱም ዝምታ ነው። ይህን ዝምታ ማን ይተረጉመዋል? በምን ሥልጣን? ጥያቄው ሲያዩት የቴክኒክ ይመስላል፤ ሲመረምሩት ግን የፖለቲካ ጥያቄ ሆኖ ይገኛል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. ማዘዝ እንጂ መስማት የማያውቅ ቤት

ቤትን በማሽን የማስተዳደር ሕልም የቆየ ነው። በ1966 የዌስቲንግሃውስ ኩባንያ መሐንዲስ የነበረው ጂም ሰዘርላንድ በአሜሪካዋ የፒትስበርግ ከተማ በመኖሪያ ቤቱ ውስጥ «ኤኮ ፎር» የተባለ ኮምፒውተር ሠራ። ክብደቱ ወደ 360 ኪሎ ግራም የሚጠጋው ይህ ማሽን የቤቱን ሙቀት ለመቆጣጠርና የቤተሰቡን የአስቤዛ ዝርዝር ለመያዝ የታሰበ ነበር። በ1969 ደግሞ ሃኒዌል የተባለው ኩባንያ የሠራው «የማዕድ ቤት ኮምፒውተር» በ10,600 ዶላር ዋጋ በኒማን ማርከስ የሽያጭ ካታሎግ ላይ ወጣ፤ አንድም ሰው ገዝቶት እንደ ነበር የሚያሳይ ማስረጃ አልተገኘም። የመጀመሪያው የግል ሙከራ፣ ሁለተኛው የማስታወቂያ ጌጥ ሆነው ቀሩ።

ተራው ቤተሰብ ገዝቶ ሊጠቀምበት የቻለው ሥርዓት የመጣው ከስኮትላንድ ነው። በ1975 በግሌንሮዝስ ከተማ የነበረው ፒኮ ኤሌክትሮኒክስ የተባለ አነስተኛ ኩባንያ አሥረኛ ፕሮጀክቱ በመሆኑ «ኤክስ10» ብሎ የሰየመውን ዘዴ ፈለሰፈ። ሐሳቡ ቀላልና ብልህ ነበር። በቤቱ ግድግዳ ውስጥ ቀድሞውኑ የኤሌክትሪክ ሽቦ አለ፤ እንግዲያውስ ለትእዛዝ ሌላ ሽቦ ለምን ይዘረጋል? መሣሪያው በ120 ኪሎ ኸርዝ የሚርገበገብ አጭር ምልክት ይልካል፤ ምልክቱ የሚላከው ተለዋዋጩ ኤሌክትሪክ በዜሮ በኩል በሚያልፍባት ቅጽበት ነው፤ በዚያች ቅጽበት በሽቦው ላይ ያለው ጫጫታ አነስተኛ ነውና። 16 የቤት ምልክቶችና 16 የዕቃ ቁጥሮች ሲባዙ 256 አድራሻዎች ይገኛሉ። ዕቃው በ1978 በአሜሪካ መደብሮች መሸጥ ጀመረ።

ይሁን እንጂ ኤክስ10 በመጀመሪያው መልኩ አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረው፤ የሚናገረው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነበር። መቆጣጠሪያው «አምፖል ቁጥር 3፣ ብራ» ብሎ ያዛል፤ አምፖሉ ይስማ አይስማ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። አንድ ሰው መብራቱን በራሱ ማጥፊያ አጥፍቶት ከነበረ ትእዛዙ በባዶ ቤት እንደሚጮህ ደወል ከንቱ ይሆናል። መቆጣጠሪያው ግን ካዘዘ ዘንድ እንደ ተፈጸመ ይቆጥረዋል።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ዓይነቱ አስተዳደር ለእኛ እንግዳ አይደለም። መመሪያ ወርዷል፤ ስለዚህ ተፈጽሟል። ሪፖርቱ የሚጻፈው ከትእዛዙ እንጂ ከውጤቱ አይደለም። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው፤ የኤክስ10 መሐንዲሶች ዘዴያቸው መልስ እንደማይሰማ አልካዱም።

2. ቶስተሩና የቡና ማፍያው

ቀጣዩ እርምጃ ዕቃዎችን በኮምፒውተር መረብ ላይ ማውጣት ነበር። በ1990 ጆን ሮምኪ የተባለ የኢንተርኔት ባለሙያ «ኢንተሮፕ» በተባለው የቴክኖሎጂ ዐውደ ርእይ ላይ ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘ የዳቦ መጥበሻ ቶስተር አቀረበ። ታዳሚው ከሩቅ ሆኖ ሊያበራውና ሊያጠፋው ይችል ነበር። ዳቦውን ግን ሰው በእጁ ማስገባት ነበረበት፤ በማግስቱ ዓመት ለዚሁ ሥራ የምትሆን ትንሽ ክሬን ተጨመረችለት። ቀልድ የሚመስለው ይህ ትርኢት ቁም ነገር ነበረው። ዕቃው መብራቱ ብቻ ሳይሆን ዝግጁነቱም አጠያያቂ ሆነ፤ ዳቦ የሌለበት ቶስተር ቢበራም አይጠቅምምና።

በ1991 በእንግሊዝ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ላቦራቶሪ የነበሩ ተመራማሪዎች ሌላ ችግር ገጠማቸው። የጋራው የቡና ማፍያ ያለበት ክፍል ሩቅ ስለ ነበረ ደርሰው ባዶ ሆኖ ሲያገኙት ይበሳጩ ነበር። ስለዚህ ካሜራ ተከሉበት፤ ምስሉም በየጠረጴዛቸው ኮምፒውተር ላይ እንዲታይ አደረጉ። በ1993 ምስሉ በድረ ገጽ ወጣና በዓለም ዙሪያ ያሉ ሰዎች የአንድ ላቦራቶሪ ቡና መኖር አለመኖሩን ሲከታተሉ ኖሩ። ካሜራው በነሐሴ 2001፣ በወሩ 22ኛ ቀን፣ ተዘጋ። ማፍያውም በ3,350 ፓውንድ ለጨረታ አሸናፊው፣ ለጀርመኑ ሽፒገል መጽሔት የድረ ገጽ ክፍል፣ ተሸጠ።

ከዚህ ታሪክ ትኩረቴን የሚስበው የመጨረሻው ቀን ነው። ካሜራው የተዘጋው በይፋ፣ በተነገረ ቀንና በባለቤቶቹ ውሳኔ ነበር። ተመልካቹ መጨረሻ ላይ ባዶ ምስል ሲያይ የዝምታውን ትርጉም ያውቅ ነበር። ቃል ተሰጥቶበት የመጣ ዝምታና ድንገት የወረደ ዝምታ አንድ አይደሉም፤ ወደዚህ ነጥብ እንመለሳለን።

3. አጥፍተነዋል የምንለው፣ ያልጠፋው

እስከ አሁን «የጠፋ» ዕቃ በእርግጥ ጠፍቷል ብለን ተነጋገርን። ሪሞት የመጣ ጊዜ ግን ይህም ተናጋ። በሪሞት የተዘጋ ቴሌቪዥን ማያው ይጨልማል እንጂ አልጠፋም፤ የሪሞቱን ጥሪ ለመስማት አንድ ጆሮው ክፍት ነው፤ ያ ጆሮም ኤሌክትሪክ ይበላል። አንድ ዋት ብቻ የሚወስድ ዕቃ በዓመት 8.76 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል። ቁጥሩ ለአንድ ዕቃ ኢምንት ነው፤ በመቶ ሚሊዮኖች ሲባዛ ግን የኃይል ማመንጫ ጣቢያዎች ጉዳይ ይሆናል።

በካሊፎርንያ የሎውረንስ በርክሌይ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ተመራማሪው አለን ማየር ይህን ብክነት ለዓለም ካስገነዘቡት ዋነኛው ነው። በ1999 ዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ «የአንድ ዋት» ዘመቻን አስጀመረ። በ2001 ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ የአሜሪካ ፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በእንቅልፍ ላይ ከአንድ ዋት የማይበልጥ የሚወስዱ ዕቃዎችን እንዲገዙ በፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ ደነገጉ። የአውሮፓ ኅብረትም በ2008 ባወጣው ደንብ ከ2010 ጀምሮ የብዙ የቤት ዕቃዎችን የእንቅልፍ ፍጆታ በ1 ዋት፣ ማሳያ ላላቸው በ2 ዋት ወሰነ፤ በ2013 ደግሞ ጣሪያውን በግማሽ ቀነሰው።

እዚህ ላይ ሁለት መልካም ፍላጎቶች ተጋጩ። ሕጉ ዕቃው በጥልቅ እንዲተኛ ይሻል፤ ስማርት ቤቱ ደግሞ ሲጠራ «አቤት» እንዲል ይሻል። ማስታረቂያ ሆነው ከመጡት ዘዴዎች አንዱ ከቢሮ ኮምፒውተር ዓለም የተወሰደው «ዌክ ኦን ላን» ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተዘጋጀው ይህ ዘዴ «አስማታዊ ፓኬት» በምትባል መልእክት ይሠራል። መልእክቷ 102 ባይት ናት፤ በመጀመሪያ ስድስት ተመሳሳይ ባይቶች፣ ቀጥሎም የተኛው ዕቃ የመረብ አድራሻ 16 ጊዜ ተደጋግሞ ይጻፍባታል። የዕቃው የመረብ ካርድ ብቻ ነቅቶ ስሙ 16 ጊዜ ሲጠራ ይሰማና ቀሪውን አካል ይቀሰቅሳል። ዘዴው ግን የኤክስ10ን ውርስ ተሸክሟል፤ ፓኬቷ መድረሷን የሚያረጋግጥ ምላሽ የለም። ሶኬቱ ከተነቀለ ወይም መብራት ከሄደ ደግሞ አንድ ሺህ ጊዜ ቢጠሩት የሚሰማ የለም።

4. ኑዛዜ የሚተው መሣሪያ

የዝምታን ትርጉም በተመለከተ ሳይንሱ መራራ ሐቅ ያስቀመጠው በ1985 ነው። ማይክል ፊሸር፣ ናንሲ ሊንችና ማይክል ፓተርሰን የተባሉ ሊቃውንት መልእክት የሚዘገይበት ጊዜ ገደብ በሌለው መረብ ውስጥ አንድ አባል እንኳ ሊወድቅ የሚችል ከሆነ፣ የቀሩት አባላት ሁልጊዜ በስምምነት ውሳኔ ላይ እንደሚደርሱ ዋስትና የሚሰጥ ዘዴ እንደማይኖር በሒሳብ አረጋገጡ። የችግሩ ሥር ይህ ነው፤ ከውጭ ለሚያይ የዘገየውን ከሞተው መለየት አይቻልም። ዝም ያለው ሁሉ አሁን ሊናገር ይችላል፤ ለዘለዓለምም ላይናገር ይችላል።

ታዲያ መሐንዲሶች ምን ያደርጋሉ? የጊዜ ገደብ ያስቀምጣሉ። «እስከዚህ ሰዓት ካልመለሰ እንደሌለ እንቆጥረዋለን» ይላሉ። ልብ በሉ፤ ይህ ገደብ ከተፈጥሮ የተገኘ እውነት አይደለም፤ ሰው የወሰነው ውሳኔ ነው። ዝምታ በራሱ ትርጉም የለውም። ትርጉም የሚሰጠው ገደቡን የሚያስቀምጠው አካል ነው። የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገርም ይኸው ነው።

ይህን ውሳኔ ከእኔ እይታ በፍትሐዊ መንገድ ካዘጋጁት ሥርዓቶች አንዱ የተወለደው ከቤት ሳይሆን ከነዳጅ ቧንቧ ነው። በ1999 የአይቢኤም ባልደረባ አንዲ ስታንፎርድ ክላርክና አርለን ኒፐር ሰው በማይደርስበት በረሃ የተዘረጉ የነዳጅ ማስተላለፊያ ቧንቧዎችን በሳተላይት የሚከታተል ዘዴ ያስፈልጋቸው ነበር። የሳተላይት መስመር ውድ ነው፤ ይቆራረጣልም። ስለዚህ መቆራረጥን እንደ አደጋ ሳይሆን እንደ ልማድ የሚቆጥር የመልእክት ሥርዓት ነደፉ። ይህ «ኤምኪውቲቲ» የተባለው ሥርዓት በ2014 ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ ሆነ፤ ዛሬም በብዙ ስማርት ቤቶች ውስጥ መልእክት ያመላልሳል።

አሠራሩን ቀረብ ብለን እንየው። አንድ መሣሪያ ከማእከላዊው ሰርቨር ጋር ሲገናኝ በየስንት ሰከንዱ ድምፁን እንደሚያሰማ ራሱ ያስታውቃል። 60 ሰከንድ ካለ ሰርቨሩ የዚያን አንድ ተኩል እጥፍ፣ ማለትም 90 ሰከንድ ይታገሠዋል። በዚያው ጊዜ መሣሪያው ኑዛዜ ያስቀምጣል፤ በእንግሊዝኛው ቃል በቃል «የመጨረሻ ፈቃድና ኑዛዜ» ነው የሚባለው። «ድንገት ብጠፋ ለሚመለከታቸው ሁሉ ይህን ንገሩልኝ» ይላል። መሣሪያው ተሰናብቶ ከወጣ ኑዛዜው አይነበብም፤ ይሰረዛል። ኑዛዜው የሚነበበው ሳይሰናበት በቀረ ጊዜ ብቻ ነው። መሣሪያው የተናገረው የመጨረሻ ቃል ደግሞ እንዲጠበቅለት ከጠየቀ በሰርቨሩ ዘንድ ይቆያል፤ ዘግይቶ የመጣ አድማጭም ያገኘዋል።

በሰፈር መረብ ውስጥ ዕቃዎች እርስ በርስ የሚተዋወቁበት «ኤምዲኤንኤስ» የተባለው ሥርዓትም ተመሳሳይ ጨዋነት አለው። ዕቃው ሲነቃ «እዚህ ነኝ» ብሎ ያስታውቃል፤ በወጉ ሲወጣ ደግሞ የዕድሜ ልኩ ዜሮ የሆነ መልእክት ይልካል። መልእክቱም የስንብት ፓኬት ይባላል።

ይህ ሥርዓት የሚያከብራቸው ሦስት ነገሮች አሉ። የትዕግሥቱን ልክ የሚናገረው መሣሪያው ራሱ ነው፤ ሰርቨሩ አይደለም። ተሰናብቶ የሄደና ሳይሰናበት የጠፋ ተለይተው ይታያሉ። ትዝታም ከእውነት ጋር አይምታታም፤ የተጠበቀ መልእክት የተጠበቀ መሆኑ ምልክት ይደረግበታል።

5. «የለም» ማለት «ጠፍቷል» ማለት አይደለም

በ2012 ፊሊፕስ «ሂዩ» የተባሉትን አምፖሎች ለገበያ ሲያቀርብ ሕዝቡ ስማርት ቤትን በእጁ ያዘው፤ አሮጌው ችግርም ከአምፖሉ ጋር አብሮ ገባ። አምፖሉ ለመታዘዝ ዘወትር ኤሌክትሪክ ይሻል። በቤት ውስጥ ግን ከመቶ ዓመት በላይ የለመድነው የግድግዳ ማብሪያ ማጥፊያ አለ። እንግዳው ወይም አያትየው ሲወጡ ማጥፊያውን ይጫናሉ፤ አምፖሉም ከመረቡ ይሰወራል። ይባስ ብሎ፣ እነዚህ አምፖሎች በሚጠቀሙበት «ዚግቢ» በተባለው ሥርዓት እያንዳንዱ አምፖል ለጎረቤቱ መልእክት አቀባይ ስለሆነ፣ አንዱ ሲጠፋ በእርሱ በኩል ይናገር የነበረ ሌላ ዕቃም አብሮት ዝም ሊል ይችላል።

ታዲያ ጥፋተኛው ማን ነው? ማጥፊያውን የተጫኑት አያት ናቸውን? አንዳንዱ ባለ ስማርት ቤት ማጥፊያው ላይ ፕላስተር ለጥፎ «አይነካ» ብሎ ጽፎበታል። ይህ ቤቱን ለሰው ማስገዛት ሳይሆን ሰውን ለቤቱ ማስገዛት ነው።

የተሻለው መልስ የመጣው ከነፃ ሶፍትዌር ዓለም ነው። በ2013 ፓውለስ ሾውትሰን የተባለ ፕሮግራመር «ሆም አሲስታንት» የተባለውን ሥርዓት ጀመረ። በሺህ የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች ከብዙ መቶ ኩባንያዎች ዕቃዎች ጋር የሚያገናኙ ማስተሳሰሪያዎችን ጽፈውለታል። ከ2024 ወዲህም ሥርዓቱን የሚጠብቅ ለትርፍ ያልተቋቋመ ፋውንዴሽን አለው። ሥርዓቱ ባለፉት ዓመታት ያዳበረው ደንብ ለጉዳያችን ትልቅ ትምህርት ነው።

አንደኛ፣ ሦስት ቃላት ተለይተዋል። «ጠፍቷል» ማለት ዕቃው መልስ ሰጥቶ መጥፋቱ ታውቋል ማለት ነው። «አይገኝም» ማለት ልናነጋግረው አልቻልንም ማለት ነው። «አይታወቅም» ማለት ደግሞ ግንኙነቱ ቢኖርም ይህን ጉዳይ ገና አላወቅንም ማለት ነው። ያልተገኘን ዕቃ «ጠፍቷል» ብሎ መመዝገብ ያላዩትን መመስከር ነው። ትእዛዝ ብቻ የሚቀበሉና መልስ የማይሰጡ ዕቃዎችም «የተገመተ ሁኔታ» የሚል መለያ ይሰጣቸዋል፤ የኤክስ10 አሮጌ ጉድለት እነሆ ስም አገኘ።

ሁለተኛ፣ ሥርዓቱ ሲነሣ ዕቃው ካልተገኘ ምዝገባው አይሰረዝም፤ «ገና ዝግጁ አይደለም» ተብሎ ይያዝና ቆየት እያለ እንደገና ይሞከራል። ብዙ ጊዜ የሚጠፋ ፕሪንተር ወይም የሳሎን ቴሌቪዥን በመጣ ቁጥር እንደ አዲስ እንግዳ መታወቂያ አይጠየቅም።

ሦስተኛ፣ ዕቃው ሲሰወር በመዝገቡ ላይ የሚጻፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሲመለስም አንድ ጊዜ። በየ30 ሰከንዱ «ስሕተት፣ ስሕተት» እያለ መዝገቡን የሚሞላ ማስተሳሰሪያ እውነተኛው ስሕተት የመጣ ዕለት ሰሚ ያሳጣል። ጩኸት የበዛበት ሰው ዝም ካለበት ሰው በላይ አይሰማም።

አራተኛ፣ መጠየቅን በመስማት መተካት ይመረጣል። ዕቃውን ደጋግሞ «አለህ ወይ?» ከማለት ሲነቃ ራሱ እንዲናገር በር ከፍቶ መጠበቅ ይበልጣል፤ በባትሪ ለሚሠሩ ዕቃዎች ይህ የዕድሜ ማራዘሚያም ነው።

6. ማጥፊያው በማን እጅ ነው?

እስከዚህ ድረስ ማጥፊያውን የያዘው የቤቱ ባለቤት እንደ ሆነ አድርገን ተናገርን። በ2016 የደረሰው ነገር ይህን ግምት አፈረሰው። «ሪቮልቭ» የተባለ፣ በ300 ዶላር ገደማ የተሸጠ የስማርት ቤት ማእከል ነበር። በ2014 በጎግል ሥር የነበረው ኔስት ገዛው። ከዚያም በግንቦት 2016፣ በወሩ 15ኛ ቀን፣ አገልግሎቱ እንዲዘጋ ተወሰነ። ዕቃው አልተበላሸም፤ ባለቤቱም አላጠፋውም፤ መብራትም አልሄደም። ሩቅ ቦታ ያለ ሰርቨር ስለ ተዘጋ ብቻ በሰው ሳሎን የተቀመጠ ጤነኛ ዕቃ በድን ሆነ።

በታኅሣሥ 2021፣ በወሩ 7ኛ ቀን፣ የአማዞን የሰርቨር አገልግሎት በአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል ለሰዓታት ሲታወክ ደግሞ በየቤቱ ያሉ የበር ካሜራዎችና ወለል የሚጠርጉ ሮቦቶች ትእዛዝ መቀበል ተሳናቸው። ኤሌክትሪክ አለ፤ የቤቱ ራውተር ይሠራል፤ ባለቤቱ ከሮቦቱ አጠገብ ቆሟል፤ ነገር ግን ትእዛዙ ወደ ሩቅ ሰርቨር ደርሶ ካልተመለሰ ሁለቱ መነጋገር አይችሉም።

ስለዚህ የጥንቱ ጥያቄ ተገለበጠ። በፊት «ዕቃው ሲጠፋ ሥርዓቱ ምን ያድርግ?» ነበር። አሁን «ሥርዓቱ ሲጠፋ ዕቃው ምን ያድርግ?» ሆነ። ሆም አሲስታንትና መሰሎቹ ትእዛዙ ከቤት ሳይወጣ በቤት ውስጥ እንዲያልቅ አጥብቀው የሚሟገቱት ለዚህ ነው። ጉዳዩ ከፍጥነት ይልቅ የሉዓላዊነት ነው።

7. መብራት ሲሄድና መስመር ሲቆረጥ

ይህ የባዕድ ሀገር የቅንጦት ወሬ ነው የሚል አንባቢ ይኖራል። መልሴ እንዲህ ነው። ዕቃዎቹ የተነደፉት ኤሌክትሪክና ኢንተርኔት ዘወትር አሉ በሚል ግምት ነው፤ ግምቱ የማይሠራበት ሀገር ሰው ደግሞ የንድፉን ጉድለት ከነዳፊው በፊት ያያል። በግንቦት 2019 የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ውኃ በመቀነሱ በሀገራችን ኤሌክትሪክ በፈረቃ ሆነ፤ እስከ ሐምሌ መግቢያም ዘለቀ። በፈረቃ ዘመን «አይገኝም» የሚለው ሁኔታ ከ«ይገኛል» ያላነሰ መደበኛ ሁኔታ ነው። መብራት በመጣ ቅጽበት ሁሉም አምፖል በሌሊት በሙሉ ኃይሉ ቦግ እንዳይል፣ እያንዳንዱ ዕቃ ከመብራት መመለስ በኋላ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ መወሰን ግድ ይላል።

ከዕቃ አልፎ ይህ ጉዳይ የመንግሥት ቁጥር አያያዝም ነው። ለረጅም ጊዜ «ኤሌክትሪክ አግኝቷል» የሚባለው ቤት ቆጣሪ የገባለት ቤት ነበር። በ2015 የዓለም ባንክ ባስተዋወቀው ባለ ብዙ ደረጃ መለኪያ ግን ጥያቄው ተለወጠ፤ መስመሩ ገብቷል ወይ ሳይሆን በቀን ስንት ሰዓት አለ ተባለ። ዝቅተኛው ደረጃ በቀን ቢያንስ 4 ሰዓት፣ ከፍተኛው 23 ሰዓት ይጠይቃል። መለኪያው ከተሞከረባቸው ሀገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ይህ ሆም አሲስታንት «አይገኝም»ን ከ«ጠፍቷል» የለየበት ዓይነት ለውጥ ነው። በ2025 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ የማመንጨት አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው፤ ኩራታችን ነው። ነገር ግን ማመንጨት ሌላ ነው፤ የሰፈሩ ትራንስፎርመር መኖሩ ሌላ ነው። ቁጥሩን ከግድቡ ጫፍ ብቻ የሚያነብ ሰው ያዘዘውን እንደ ተፈጸመ ከሚቆጥረው ከኤክስ10 መቆጣጠሪያ አይሻልም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን መስመሩ ሆን ተብሎ ሲቆረጥ ነው። በሰኔ 2020 ማብቂያ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት በመላ ሀገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ገደማ ተዘጋ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር በትግራይ ጦርነት ሲጀመር ስልክ፣ ኢንተርኔትና መብራት ተቋረጡ፤ በብዙ ቦታ ለረጅም ወራት፣ በአንዳንዱም እስከ ሁለት ዓመት ሳይመለሱ ቆዩ። በዋሽንግተን፣ በስቶክሆልምና በአዲስ አበባ ያሉ ልጆች የእናታቸው ስልክ አይጠራም፤ በሕይወት ትኑር አትኑር የሚያውቁበት መንገድ አልነበረም። በእጃቸው የነበረው መሐንዲሶች «የመጨረሻው የታወቀ ሁኔታ» የሚሉት ነገር ብቻ ነበር፤ ወራት ያለፈበት አንድ የስልክ ንግግር። ዝምታው የእናቶቹ አልነበረም፤ በላያቸው የተጫነ ነበር። ባዶ ቦታውንም እያንዳንዱ ወገን እንደ ፍላጎቱ ሞላው፤ አንዱ «ሰላም ሰፍኗል» ብሎ፣ ሌላው «ሁሉም አልቋል» ብሎ። መስመር የሚቆርጥ አካል ወሬን ብቻ አያቆምም፤ የዝምታን ትርጉም የመወሰን ሥልጣንንም ለራሱ ይወስዳል።

8. ማጠቃለያ

ከአንድ አምፖል ተነሥተን እዚህ መድረሳችን የበዛ ከመሰለ መሐንዲሶቹ በሃምሳ ዓመት የተማሩትን በአጭሩ ልድገመው። ያዘዝከው ሁሉ ተፈጽሟል አትበል። ያልመለሰልህን ሁሉ ሞቷል፣ አምጿል፣ ተበላሽቷል አትበል። የትዕግሥትህን ልክ በግልጽ ጻፍ፤ ልኩንም ስትወስን ዝም ያለውን አካል ኑሮ አስብ። የመጨረሻ ቃሉን ጠብቅለት፤ ነገር ግን የትናንት ቃል መሆኑን አትርሳ። ሲመለስ እንደ ወንጀለኛ መታወቂያ አትጠይቀው። ማጥፊያውንም በባለቤቱ እጅ ተውለት፤ ሊያጠፋው የማይችለው ዕቃ የራሱ አይደለምና።

እነዚህ ደንቦች የተጻፉት ለቴሌቪዥንና ለፕሪንተር ነው። ለዜጎቹ ቢያንስ ይህን ያህል ጨዋነት የሚያሳይ መንግሥት ብንመኝ ከልክ ያለፈ ምኞት አይመስለኝም። የከተማው ሕዝብ ከመሐንዲሶቹ ቀድሞ በቋንቋው ለይቶታልና፦ የሄደ ሁሉ አልጠፋም፤ የጠፋም ሁሉ ጥፋተኛ አይደለም።